የኔታ የያዟቸው አሥራ ሁለት ቃላት

ንዴቴ የታወቀ ነው። አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማችን መጥታችሁ «ያች የእንግሊዝኛ አስተማሪ የት ናት?» ብትሉ፣ «የቷ? ጯሂዋ?» ይሏችኋል። ተማሪዎቼ ያውቁታል፣ አከራዬም ታውቀዋለች፣ ከሁሉ አብልጦ ግን አንድ የጨው ነጋዴ አህያ ያውቀዋል። ወደ አህያው እመለሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ዓይን ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከዜማ አገሯ ከቤተ ልሔም ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም መጀመሪያ ግራ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ሞራ ጋረደው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። ማስተማሩን ግን አልተዉም፤ መጽሐፉ ሆዳቸው ውስጥ ነው። ተማሪ ሲስት እንኳ አይቆጡም፤ አንድ ጊዜ ይስላሉ። ያች ሳል «ተመለስ» ማለት ናት፤ ተማሪው ደንግጦ ይመለሳል፣ ያስተካክላል፣ ይቀጥላል።

ባሕር ዳር ያለ አንድ የዓይን ሐኪም አይቷቸው «ይሄ እኮ ይገፈፋል፤ ደግሞም ሳይቆይ ቢሆን ይሻላል» አለን። ዋጋውንም ነገረን። አባቴ «እግዜር ይስጥልን» ብለው መቋሚያቸውን በእጃቸው ፈልገው ወጡ። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። የአስተማሪ ደመወዝ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃታል።

እንዲህ ስባዝን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሥራ አገኘችልኝ። ውጭ አገር ላለ ድርጅት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከደብተር እርማት የተረፈችኝን ሰዓት ሁሉ ለእሱ ሰጠሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ ደግሞ ጉድ ናቸው፤ «ድመቷ ከሚኒስትሩ በፊት መጣች» ዓይነት። ማን እንደሚናገረው እንጃ! ሥራው ሲያልቅ ክፍያው አራት መቶ ሃያ ዶላር ሆነ። ካጠራቀምሁት ጋር ለአባቴ ዓይን በልኩ ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት «የምንከፍለው በስቴብልኮይን ብቻ ነው፤ በስልክሽ ዋሌት ክፈቺ» የሚል መልእክት መጣ።

ስቴብልኮይን፣ ለእኔ እንደገባኝ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር ታስሮ የሚሄድ፣ በስልክ ብቻ የሚታይ ገንዘብ ነው። ዋሌት ደግሞ ማስቀመጫ ቦርሳው። ለአባቴ ስነግራቸው «ማን ይጠብቀዋል?» አሉኝ። «ማንም» አልሁ። «ዋሱስ ማነው?» «ዋስ የለውም።» «ቢጠፋ ለማን ትጮሂያለሽ?» «ለማንም አልጮህም።» አባቴ «አንች? አይመስለኝም» አሉ።

መቼም ሞኝነት አይደበቅም፤ ልናዘዘው። ከፋዮቹ «በየትኛው ኔትወርክ ትቀበያለሽ?» ብለው ጻፉልኝ። እኔ በቅንነት «እዚህ ኔትወርክ ደካማ ነው፣ ከገበያው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስወጣ ግን ደህና ነው» ብዬ መለስሁ። ጓደኛዬ ስትሰማ በሳቅ ልትሞት! ለካ ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ ነው የጠየቁኝ። መንገዱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ላኪውና ተቀባዩ አንድ ካልመረጡ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል። እሱ በእስቴ በኩል ሰድዶ እኔ በስማዳ በኩል ወጥቼ ብጠብቅ እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጠንቃቃ ሆንሁ። የዋሌቴን አድራሻ፣ ያን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ በእጄ አልጻፍሁም፤ ቀድቼ ላክሁ፣ የፊተኞቹንና የኋለኞቹን ፊደላት እያንዳንዳቸውን አመሳከርሁ። ከዚያ «ሁሉንም እንዳትልኩ! አስቀድማችሁ አምስት ዶላር ብቻ ላኩና ልየው» አልኋቸው። አምስቷ ዶላር ጉብታው ላይ ደረሰችኝ። ብቻዬን ዘለልሁ።

የቀረው አሥራ ሁለቱ ቃላት ናቸው። ዋሌቱ ሲከፈት አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በተራ ሰጥቶኛል። ጓደኛዬ በስልክ አስጠነቀቀችኝ፤ «ስልክሽ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ገንዘብሽን የምታገኚው በእነሱ ነው። ቃላቱን የያዘ ገንዘቡን ያዘ። ፎቶ አታንሻቸው፣ ለማንም አትላኪ፣ ጽፈሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ» አለችኝ። አንዱን ወረቀት መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ሸጎጥሁት። ሁለተኛውን ለግንቦት ልደታ ስሄድ ለአባቴ ይዤላቸው ሄድሁ።

«ወረቀት?» አሉ አባቴ፣ ክፉ ነገር እንደሸተታቸው ሁሉ። «ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያርሰዋል፣ ሌባ ያነበዋል። ስጪኝ በቃሌ ልያዘው።»

«እንግሊዝኛ እኮ ነው አባየ።»

«ግእዙንስ መቼ ገብቶኝ ጀመርሁት? ቃሉ ይቅደም፣ ትርጓሜው ይደርሳል። በይ አንብቢ።»

አነበብሁላቸው። ዋሌቱ ዛሬ ባዶ ስለሆነ ሁለት ሦስቱን ብነግራችሁ ግድ የለም። የመጀመሪያዋ ላደር፣ ሁለተኛዋ ሌመን፣ ሦስተኛዋ ጎት ነበረች፤ መሰላል፣ ሎሚ፣ ፍየል ማለት ነው። አባቴ ትርጉማቸውን ሲሰሙ ግራ ገባቸው። «ፍየል ሎሚ ሊበላ መሰላል ወጣ ነው የሚለው? እሺ ሰሙ ይሁን፤ ወርቁስ?»

«ወርቁ አራት መቶ ሃያ ዶላር ነው» አልኋቸው። ያን ቀን የሳቁት ሳቅ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው።

ዜማ ሳይኖረው ቃል አይቀመጥላቸውም። ከወይራው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያዜሙት ሰነበቱ። ከፍ ያደርጉታል፣ ይመልሱታል፣ ይደግሙታል። በሦስተኛው ቀን «ያዝሁት፤ ወረቀትሽን አቃጥይ» አሉኝ። አቃጠልሁት። በልቤ፣ ከዚህ የተሻለ ካዝና በአገሩ የለም ብዬ ነበር።

ወዲያው በሳምንቱ አንድ መልእክት መጣልኝ። «የዋሌቱ እርዳታ ክፍል ነን፤ ዋሌትሽ ዛሬ ሊዘጋ ነው፤ አሥራ ሁለቱን ቃላት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ላኪ» ይላል። ከመልእክቱ ጎን ባለው ፎቶ ላይ ፈገግ ያለች ቆንጆ ሴት አለች። እጄ ወደ መዝገበ ቃላቱ ሄዶ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ጓደኛዬን ብጠይቃት «ሌባ ናት! እውነተኛ ሰው ቃላቱን በጭራሽ አይጠይቅም» አለችኝ። ለቆንጆዋ የጻፍሁላትን እዚህ አልጽፈውም፤ አባቴ ይሰማሉ።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ ዳቦና ስኳር ይዤ ስሄድ አባቴን ቁጭ አድርጌ አስተማርኋቸው። የኔታን ማስተማር ደስ ሲል!

«አባየ፣ ሌባ ሦስት ምልክት አለው። ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ነገሩ ይገባል። ያጣድፋል፤ ቶሎ ቶሎ ይላል። ደግሞ የሰው ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ አለ አሉ። ማንም ቢጠይቅዎ ‹ረሳሁት› ይበሉ፣ በቃ።»

«አንች ብትጠይቂኝስ?»

«እኔም ብጠይቅዎ! ፊቴን ካላዩ በቀር…»

አፌን ያዝሁት። ፊቴን ካዩ ስድስት ዓመታቸው። ምላሴን ብቆርጠው በወደድሁ። አባቴ ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ ሕግ እንደሚቀበል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰላምታ፣ ጥድፊያ፣ ድምፅ። ፊት ካላየሁ አልናገርም። ያዝሁት።»

ትምህርት ሊዘጋ ሰሞን፣ አርብ ቀን፣ «የቀረውን ገንዘብ ልከናል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ገበያው ሞልቷል። ጉብታው ላይ እስክደርስ መታገሥ አቃተኝና እዚያው መሐል መንገድ ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ኔትወርክ መፈለግ ጀመርሁ። ያን ጊዜ ነው ጨው የተጫነ አህያ ከኋላዬ ገፍትሮኝ ስልኬ የወደቀው። አንዴ ረግጦት ቢያልፍ ምናለ? አላለፈም። ቆመበት! ሁለት እግሩን ስልኬ ላይ ተክሎ ጆሮውን እያወዛወዘ ሰው ይመለከታል።

እንግዲህ ጮህሁ። አህያው ላይ ጮህሁ፣ ባለቤቱ ላይ ጮህሁ፣ ሊገላግል የመጣው ላይ ጮህሁ። ነጋዴው ረጋ ብሎ «እህቴ፣ አህያ መሬት ያያል እንጂ ስልክ ያያል?» አለኝ። ይባስ ብዬ ጮህሁ። በመጨረሻ ድምፄ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ አፌን ስከፍት የሚወጣው የዛገ የበር ማጠፊያ ድምፅ ሆነ። ሰዉ ተነፈሰ።

ግድ የለም አልሁ፣ ወረቀቱ አለኝ። ቤቴ ሄጄ መዝገበ ቃላቱን ገለጥሁ፤ የለም። አራገፍሁት፤ የለም። አከራዬን በሹክሹክታ ብጠይቃት «ያች ቁራጭ ወረቀት? ወለል ላይ ወድቃ አገኘኋት፤ የአረቄ ጠርሙሴ ክዳን ጠፍቶብኝ ወተፍሁባት፤ የተጣለች መስላኝ እኮ!» አለችኝ። ከጠርሙሱ ላይ ነቀልኋት። በእስክሪብቶ የጻፍሁት ሁሉ ታጥቦ ወረቀቷ ሰማያዊ ሆናለች፤ ቃላቶቼን አረቄው ጠጥቷቸዋል። ድምፅ ስላልነበረኝ አከራዬ ዕድለኛ ናት።

አሁንም ግድ የለም አልሁ። አባቴ አሉ። አባቴ አይወተፉ፣ አይረገጡ!

ዝናቡ እየወረደብኝ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ግማሹን በሩጫ ሄድሁት። ቅዳሜ የምመጣ ልጅ አርብ መጣሁ። ዳቦ የለ፣ ስኳር የለ። ደጁን ገፍቼ እንደገባሁ እንዴት ዋሉ የለ፣ ጉልበት መሳም የለ፣ በዚያ በዛገ ድምፄ «አባየ! ቃላቱን! ቶሎ ይንገሩኝ!» አልሁ።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! ቶሎ! አሥራ ሁለቱን ቃላት!»

በጣም በትሕትና፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ «ረሳሁት» አሉ።

«እንዴት ይረሳሉ? እርስዎ?»

«እርጅና ነው። ረሳሁት።»

እመኑኝ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ገንዘቡን አይደለም። አባቴ ረስተው አያውቁም። እናቴ የሞተችበትን ቀን ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው መርሳት ከጀመሩ፣ ዓይናቸው ቢበራ እንኳ እኔን ያውቁኝ ይሆን? ፈራሁ። ከዚያ ዓይናቸውም ትዝ አለኝ፤ ያለዚያ ገንዘብ ሐኪሙ ደጅ እንደማንመለስ አወቅሁ። ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ጣሪያው ሥር ተቀምጬ አለቀስሁ። ድምፅ የሌለው ልቅሶ ደግሞ እንዴት ያናድዳል!

ሦስት የዜማ ተማሪዎች ዝናቡን ተጠልለው እዚያው ጥግ የተቀደደ ልብሳቸውን በመርፌ ይጥፋሉ። ከእኔ ዕድሜ ብዙ የማያንሱ፣ ጢም ያበቀሉ ሰዎች ናቸው። ሲያዩኝ አፈሩና ወደ ልብሳቸው አጎነበሱ። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው፣ ሰው ሥራ ሲይዝ እንደሚያንጎራጉረው፣ በአፍንጫው ጀመረ። ሁለተኛው ተቀበለው።

«ላደር… ሌመን… ጎት፣ ጎት…»

ከተቀመጥሁበት እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «ምንድን ነው የምትሉት?» አልሁ።

ተደናገጡ። ትልቁ መርፌውን እንደያዘ «ይቅር በይን እሜቴ። የኔታ ልደታ ሰሞን ከወይራው ሥር ሲያዜሙት ጆሯችን ያዘው። ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራን። የፈረንጅ ቅዱሳን ስም መስሎን ነው» አለኝ።

«ከመጀመሪያው በሉልኝ» አልሁና ከአንዱ ደብተርና እርሳስ ነጠቅሁ። ሦስቱም ልብሳቸውን አስቀምጠው፣ ቆመው፣ በሥርዓት አዜሙልኝ። መሰላሉ፣ ሎሚው፣ ፍየሉ እንዲህ አምሮባቸው አያውቅም። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ አንደኛው ተማሪ አንዲት ቃል ዘለለ። ከቤት ውስጥ አባቴ አንድ ጊዜ ሳሉ። ተማሪው ቀጥ አለና ተመልሶ የዘለላትን አስገባ። እኔ ያን ሰዓት ጭንቅላቴ የት እንደነበረ እንጃ፤ «ውይ፣ ጉንፋን ይዟቸዋል» ነው ያልሁት።

ሲጨርሱ ቆጠርሁ፤ አሥራ አራት። ዋሌቱ የሚቀበለው አሥራ ሁለት ነው!

«አይ፣ አሥራ ሁለት ናቸው» አለ ትልቁ ተማሪ ተቆጥቶ። «ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ለዜማው ይደገማሉ። ድጋሚ ይቆጠራል እንዴ?»

ሁለቱን ድጋሚዎች ሰርዤ ወረቀቱን ጡቴ ሥር ሸጎጥሁት። በነጋታው አርብ ገበያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የማይሠራበትን አሮጌ ስልክ ሰጠኝ። በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቼ፣ ዋሌቱን ጭኜ፣ አሥራ ሁለቱን በተራቸው አስገባሁ። ያች የምትዞር ክብ ዞረች፣ ዞረች። «ዜሮ» አለች። ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። ጉብታው ላይ ወጥቼ ብሞክር እንደገና ዞረች፣ ከዚያ አራት መቶ ሃያ አለች። ድምፄ ገና አልተመለሰልኝም ነበር፤ ከተመለሰልኝማ እስቴ ድረስ ይሰማ ነበር።

ደስታው ሳይበርድ ግን ነገሩን ብጽፍላት ጓደኛዬ «ስንት ሰው ቃላቱን ያውቃል?» አለችኝ። «እኔ፣ ሦስት ተማሪዎች፣ ምናልባትም መላው ደብር» አልኋት። «እብድ! አሁኑኑ አዲስ ዋሌት ከፍተሽ አዙሪው!» አለች። እዚያው ጉብታ ላይ አዲስ ከፈትሁ፣ ትንሽ ሞክሬ ሁሉንም አዞርሁ፣ አዲሶቹን ቃላት ደግሞ አከራዬ በማትደርስበት ሁለት ቦታ አስቀመጥሁ። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ረሳሁት። ያ አሮጌ ዋሌት ባዶውን ቀረ። ተማሪዎቹም እንዳሻቸው ያዚሙት አልሁ።

ለአባቴ «ገንዘቡ ተገኝቷል» ብቻ አልኋቸው። እንዴት እንደተገኘ አልነገርኋቸውም፤ መርሳታቸውን እንዳላስታውሳቸው ብዬ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ባሕር ዳር እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ፣ ይረሱ እንደሆነ ለማየት፣ የአጎቶቼን ልጆች ስም በሰበብ በአስባቡ ስጠይቃቸው ዋልሁ። አንዱንም አልሳቱም። «ምን ነካሽ አንች፣ ሕዝብ ቆጠራ ገባሽ?» አሉኝ።

ገንዘቡ ወደ ብር ተቀይሮ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ፈታች። አባቴ ዓይናቸውን እያርገበገቡ መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ነርሷን አዩና «እግዜር ይባርክሽ» አሏት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከግንባሬ እስከ አገጬ፣ አንድ ገጽ እንደሚያነብ ሰው፣ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ሸበትሽ?» አሉ።

«ሸበትሁ አባየ።»

«መቼ?»

እንባዬ ቀደመኝ። ነርሷ እስክትወጣ ጠበቁ፤ በሩ መዘጋቱን በገዛ ዓይናቸው አረጋገጡ። ከዚያ በእጃቸው ጠርተው ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉኝና በሹክሹክታ ጀመሩ። ላደር፣ ሌመን፣ ጎት። አንድም ሳያስቀሩ፣ አንድም ሳይደግሙ፣ አሥራ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አወረዱት።

«አባየ! ረሳሁት አላሉኝም?»

«ያን ቀን የመጣው ሰው ሰላምታ አልሰጠም፣ ያጣድፍ ነበር፣ ድምፁም ያንች አይደለም። ኋላ ከጀርባ አፍንጫሽን ስትስቢ ሰምቼ አንች መሆንሽን ጠረጠርሁ። ግን ‹ፊቴን ካላዩ በቀር› አላልሽኝም?» ጉንጬን በመዳፋቸው ያዙና እንደገና አዩኝ። «ይኸው አየሁት። በይ ቶሎ ጻፊው፣ ሌላም ጊዜ ገንዘብሽ እንዳይጠፋ።»

ከቦርሳዬ እስክሪብቶና ወረቀት አውጥቼ አሥራ ሁለቱንም ጻፍሁ። ዋሌቱ ባዶ መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም።